ግድቡ ላይ ያስቆምኩት ሰርገኛ

መሥሪያ ቤት ውስጥ የወጣልኝ ስም «ይመስለኛል» ነበር። ያወጣልኝ አለቃዬ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ቦንጋ በመስኖ መሐንዲስነት ከተቀጠርኩ ጀምሮ፣ በስብሰባ ላይ ምንም ብጠየቅ መልሴ በዚያች ቃል ይጀምር ነበር። ቦዩ ይበቃል ወይ ሲሉኝ፣ «ይመስለኛል፤ ግን ደግሞ ቢታይ ጥሩ ነው» እላለሁ። አንድ ቀን አለቃዬ መነጽሩን አውልቆ፣ «ወይዘሪት ይመስለኛል፣ ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?» ሲለኝ፣ «ይ…» ብዬ ጀምሬ አፌን ያዝኩ። ቢሮው በሳቅ አውካካ።

እውቀት አጥቼ አልነበረም። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ሥራዬንም ደጋግሜ ሳላጣራ አላስረክብም። ነገር ግን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየኝ ድምፄ ጉሮሮዬ ውስጥ ይቀራል። ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት እንኳን ይከብደኝ ነበር። ረዳቱ ሳይሰማኝ መውረጃዬን አልፌ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ፣ የመጣሁበትን መንገድ በእግሬ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው። ጓደኛዬ ብርቱካን አብራኝ ካለች ግን ችግር የለም። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ወራጅ! እቺ ልጅ ድምፅ የላትም፣ ድምጿ እኔ ነኝ!» ትላለች። መኪናው ይቆማል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እወርዳለሁ።

ይህን ያስቀደምኩት ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁልኝ ነው። የምነግራችሁ በብርቱካን ሰርግ ቀን የሆነውን ነው።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ነበር። የብርቱካን አባት ቤት ያለው ከአንድ ትንሽ ግድብ ማዶ ነው። ግድቡን ለማታውቁት፣ ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ የሚወስደውን መንገድ ትተው በኮረኮንች ወደ ጫካው ሲታጠፉ ይገኛል። የተሠራው ከአፈር ነው፤ ለአትክልት መስኖ ተብሎ። ውሃው ከሞላ ወዲህ ግን የከተማው ሰው የእሑድ መዋያው አድርጎታል። የመንደሩ ወጣቶች ተደራጅተው ቢጫ ቀለም በተቀባ ጀልባ ሰው ያንሸራሽሩበታል፤ ዳር ላይ የቀርከሃ ዳስ ሠርተው አሳ ይጠብሳሉ፣ ለስላሳ ይሸጣሉ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ላይ ተደርድረው የሰውን ግርግር ቁልቁል ያያሉ። ሙሽሮችም ፎቶ ለመነሣት ከቦንጋ ድረስ ይመጣሉ።

የግድቡ አናት አንድ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ከወዲህ የመኪናው መንገድ፣ ከወዲያ ጀልባው፣ ዳሱና የብርቱካን ሰፈር አለ። በማዶው ዳር፣ ከግድቡ ራቅ ብሎ፣ ውሃ ሲበዛ በጎን በኩል የሚወጣበት በድንጋይ የተነጠፈ ዝቅ ያለ መውጫ አለ። እኛ ማስተንፈሻ እንለዋለን። የአፈር ግድብ ውሃ በአናቱ ከፈሰሰ ይፈርሳል፤ ማስተንፈሻው ነው ነፍሱ።

እኔ ሚዜ ነበርኩ። ጠዋት ሙሽሪትን አጅበን ከቦንጋ የፀጉር ቤት ስንመለስ በባጃጅ በግድቡ ላይ አለፍን። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ ኮረብታው ላይም ደመናው አልተነሣም። ውሃው ከማውቀው በላይ ከፍ ብሏል። ሁልጊዜ ጭቃ ላይ ተቀምጦ የማየው ጀልባ ዳሱ ደጃፍ ድረስ ተጠግቶ ይንሳፈፋል። የጀልባው ማኅበር ሊቀ መንበር አስራት፣ ክራቫት አስሮ፣ እጁን ወደ ውሃው ዘርግቶ ተቀበለን።

«ኢንጂነር ትርሲት! አየሽው? ውሃው ለሙሽሪት ክብር ብድግ ብሎላታል!»

«በዝቷል…» ብዬ ጀመርኩ። አስራት ግን ወንበር የተሸከሙ ልጆችን እየጠራ ሄዶ ነበር።

የሙሽሪት መቀመጫ ውሃው ዳር ላይ ተሠርቷል። እንዴት ያምር እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ከኋላው ባለው ቅስት ላይ አበባ ተጠምጥሞ፣ ከሥሩ ግድግዳ የሚያህል የእንሰት ቅጠል ተደርድሮ፣ ነጩ ወንበር በቅጠሉ ላይ እንደ ጀልባ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ብርቱካን ስታየው እንባዋ መጣ። እኔ ኩሏ እንዳይበላሽ በመሐረብ እያደረቅሁ ስለነበር፣ ያ ወንበር የቆመበት ቦታ ምን እንደሆነ ልብ አላልኩም።

ቀን ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ሙሽራው ከሺሺንዳ ሊደርስ ሲል፣ ሽንቴ መጣ። የቤቱ ሽንት ቤት በር ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰልፏል። እኔ ደግሞ መሬት የሚጠርግ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሼ፣ የብርቱካንን አክስቶች እያሳለፍኩ ሰልፍ መቆም አልሆንልኝ አለ። ጫማዬን በእጄ ይዤ ግድቡን ተሻገርኩ፤ በመንገዱ በኩል ማኅበሩ የሠራው የቆርቆሮ ሽንት ቤት አለ። ተቆልፏል። ግራና ቀኝ አይቼ ከግድቡ ጀርባ ባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ወረድኩ። ዓይን አፋርነት የት የት እንደሚወስድ አያችሁ?

ቀሚሴን አስተካክዬ ልመለስ ስል የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ውሃ ሊሰማ በማይገባበት ቦታ።

ከግድቡ ጀርባ፣ ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሣሩ መሐል የጃርት ጉድጓድ አለ። ጃርት አፈር ግድብ ይወዳል፤ አፈሩ ለመቆፈር ይመቸዋል። ጉድጓዱ ውሃው በማይደርስበት ከፍታ ላይ ስለሆነ እስከዚያ ቀን ማንንም አልጎዳም። አሁን ግን ክንድ የሚያህል ውሃ ከውስጡ ይወጣል። ቀለሙ ወተት የበዛበት ቡና ነው።

አንድ መምህራችን ሁልጊዜ የሚለን ነገር ነበር፦ «ከግድብ ጀርባ ጥርት ያለ ውሃ ብታዩ አትደንግጡ፣ መዝግቡት። ደፍርሶ ብታዩት ግን አትመዝግቡ፣ ሩጡ።» ጥርት ያለ ውሃ አልፎ የሚሄድ ነው። የደፈረሰ ውሃ ግድቡን ከውስጥ እየበላ ይዞት የሚወጣ ነው። ቆሜ ሳየው ከጉድጓዱ ጣራ አንድ ትልቅ አፈር ተገንድሶ ወረደ፣ ውሃውም ወፈረ። ቀና አልኩ። ከጉድጓዱ በላይ ያለው የግድቡ አናት ነው። መንገዱ።

በዚያች ቅጽበት የመኪና ጥሩንባ ሰማሁ። ሙሽራው ደረሰ።

እንዴት እንደወጣሁ አላስታውስም። ጫማዎቼ እዚያው ቀርተዋል። ከፊት ከበሮና ሰው ያጨቀ አይሱዙ፣ ከኋላው በአበባ ያጌጠች የሙሽራው መኪና፣ ከዚያም ሚኒባሶች ተከታትለው ወደ ግድቡ ይመጣሉ። ሮጬ ግድቡ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ መሐል፣ ሁለት እጄን ግራና ቀኝ ዘርግቼ ቆምኩ።

አይሱዙው ቆመ። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ግን የአንድ ትንፋሽ ያህል አልቆየም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሁሉ ሰርግ ታውቃላችሁ። ሙሽራው ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በር ይዘጋል፤ አናስገባም ይላል። የሙሽራው ወገን ይዘፍናል፣ ይለምናል፣ ይገፋል። የተዘጋው በር በጠነከረ ቁጥር ሰርጉ ይደምቃል። እኔ አረንጓዴ የሚዜ ቀሚስ ለብሼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ በሙሽራው መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ምን ሊመስላቸው ይችላል?

የሙሽራው አንደኛ ሚዜ ሙሉጌታ ነጭ ሱፉን ለብሶ ከአይሱዙው ዘለለ።

«ኧረ ጉድ! በር ሳንደርስ መንገድ ላይ ተዘጋብን! የብርቱካን ወገን ዘንድሮ ብሶበታል!»

መኪናው ላይ ያሉት በእልልታ ቀወጡት። ከበሮው ተመታ።

«አትለፉ» አልኩ። «ግድቡ… ግድቡ ደህና አይደለም።»

«ሰማችሁ? ግድቡም የሙሽሪት ዘመድ ሆኗል!»

ሳቅ። ሙሉጌታ ከኪሱ ሽቶ አውጥቶ ፊቴ ላይ ረጨብኝ። «በሽቶ ነይ፣ በልመና ነይ፣ ምን ይሻልሻል?»

«ጨዋታ አይደለም! ከሥሩ ውሃ እየወጣ ነው፣ እባክህን…»

«እባክህን አለችኝ! ለማኟ እሷ፣ ተለማኙ እኔ!» ብሎ ለነጭ ሱሪው ሳይሳሳ ኮረኮንቹ ላይ ተንበረከከ። ሴቶቹ ስሜን ሳያውቁ በግጥማቸው ውስጥ አስገቡኝ፤ ቀሚሷ አረንጓዴ፣ ልቧ ድንጋይ እያሉ ዘፈኑልኝ። ድምፄን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ከበሮው ይበልጣል። ስልክ ለምን አልደወልኩም ትሉ ይሆናል። በዚያ ሸለቆ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ነው።

ሾፌሩም የጨዋታውን ወግ ያውቃል። ጥሩንባውን እየነፋ፣ ጣት በጣት ወደፊት ይሳባል። የአይሱዙው ግንባር ደረቴ ጋ ደረሰ። ሁለት መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ፤ የሞተሩ ሙቀት እጄን ያቃጥለኛል። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። የፊት ጎማው ግድቡን ረገጠ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ እናት፣ ያ ሁሉ ከበሮ እየዘፈነ ወደ ጉድጓዱ ጣራ እየሄደ ነው፤ የሚያስቆመው እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔን ደግሞ የሚሰማኝ የለም።

ከጀርባዬም እልልታ ሰማሁ። ዞር አልኩ። የሙሽሪት ወገን ከማዶ ሆኖ አይቶናል። «ትርሲት በር ዘጋች! ትርሲት!» እያሉ የብርቱካን እህቶችና የጎረቤት ሴቶች ሊያግዙኝ እየጨፈሩ ወደ ግድቡ ይመጣሉ። ፊት ፊታቸው ብርቱካን ናት። ቬሏን በእጇ ሰብስባ፣ እየሳቀች። ሙሽራ ከመቀመጫዋ መነሣት እንደሌለባት ረስታ፣ እቺ ድምፅ የሌላት ጓደኛዋ ሰርገኛ አስቆመች ብላ፣ ልታየኝ ትመጣለች። የወርቅ ቀለም ጫማዋ የግድቡን ጫፍ ሊረግጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእኔ መሆኑን ያወቅሁት ጉሮሮዬ ሲላጥ ነው።

«ብርቱካን! ተመለሺ! እንዳትረግጪው!»

ድምፄ ኮረብታውን መትቶ ተመለሰ። ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘለሉ። ከበሮው ቆመ። በሰርግ ቀን ሙሽራን «ተመለሺ» የሚል ሰው የለም፤ ሟርት ነው። እናቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሙሉጌታም እንደተንበረከከ ፊቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝና ፈገግታው ጠፋ።

ብርቱካን አንድ እግሯን እንዳነሣች ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ክንዶቿን ዘርግታ ከኋላዋ ያሉትን ሴቶች ወደ ዳሱ ገፋቻቸው። ቬሏን እየጎተተች ወደ ድምፅ ማጉያው ሮጠች፤ ከሙዚቃው ልጅ እጅ ማይክራፎኑን ስትነጥቅ ሞንታርቦው ሲጮኽ ሰማን።

«የታደለ ወገኖች፣ ስሙኝ» አለች። ታደለ ሙሽራው ነው። «እቺ ልጅ ጓደኛዬ ናት። ታክሲ ውስጥ ‹ወራጅ አለ› ብላ ጮኻ አታውቅም። መውረጃዋ ያልፋታል እንጂ አትጮህም። እንኳን ሰርገኛ ፊት ቆማ ልትጫወት! አሁን ከጮኸች ነገር አለ። መኪናውን መልሱ!»

የሙሽራው አባት ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ከመኪናቸው ወረዱ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

«ልጄ፣ ምን አየሽ?»

ነገርኳቸው። አጠር አድርጌ፦ ጉድጓዱን፣ የውሃውን ቀለም፣ የተገነደሰውን አፈር። አንድ ጊዜ የማዶውን ዳስ፣ አንድ ጊዜ አይሱዙውን አዩ።

«ርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ላቆማችሁ። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው ኖሬያለሁ። ብሳሳት የጓደኛዬን ሰርግ አበላሽቻለሁ። በሺሺንዳም በቦንጋም ሰርገኛ በሟርት የመለሰችው ልጅ ተብዬ እቀራለሁ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እያየኝ ነው። ያቺ የለመድኳት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥታ ነበር። ግን ዓይኔን ጨፍኜ ያየሁትን እንደገና አየሁት፤ ውሃው ደፍርሷል። የሚመስል ነገር አልነበረውም።

«አዎ፣ ጋሽ ወልዴ። ርግጠኛ ነኝ።»

እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁኝም። «ሾፌር፣ ወደ ኋላ!»

«ሰርገኛ ጭኜ በኋላ ማርሽ ስሄድ የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው» አለ ሾፌሩ፤ ግን አስገባ። አይሱዙው እያቃሰተ ከግድቡ ወረደ።

አደጋው ግን አላለፈም። ውሃው ካልቀነሰ ግድቡ ይሄዳል፤ ከታች ደግሞ ሰው የሚሻገርበት፣ ልብስ የሚያጥብበት ወንዝ አለ። ያን ጊዜ ነው ራሴን የጠየቅሁት፦ ይህን ያህል ውሃ እያለ ማስተንፈሻው ለምን አይፈስም? ማዶውን በዓይኔ ፈለግሁት። ማስተንፈሻው ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ነጭ ወንበር አለ።

«አስራት!» ብዬ ጮህኩ። አሁን ድምፄ እሺ ብሎኛል። «ማስተንፈሻው የት ሄደ?»

አስራት ክራቫቱን ነካካ። «አለ! ዘግተነው ነው እንጂ!»

«በምን?»

«በጆንያ! አፈር ሞልተን! ጀልባው ጭቃ ላይ እየተቀመጠ አስቸገረን! ለሰርጉ ውሃው ከፍ ይበል ብለን ነው!»

ቂም አልያዝኩበትም፤ ለጀልባው አስቦ፣ ለሙሽሪትም አስቦ ነው። የድንጋዩ ንጣፍ ደግሞ ለወንበር ይመቻል፣ ፎቶም ላይ ውሃውን ያሳያል። ጆንያው እንዳያስጠላ የእንሰት ቅጠል ደረደሩበት። ጌጡ አደጋውን ሸፈነው።

«አንሡት! ወንበሩን አንሡና ጆንያውን አውጡ!»

«የሙሽራ ወንበር?» አለች አንዷ አክስት፣ ድምጿ እኔ ጋ ደረሰ። «ሙሽራው ሳይገባ የሙሽሪት ወንበር ይፈርሳል? ነውር ነው! ትዳሯን ማፍረስ ነው!» ሌሎችም አጉረመረሙ። አስራት እጁን ወደ ጆንያው ሰደደና መለሰው። ሰው ሁሉ ሙሽሪትን አየ።

ብርቱካን ማይክራፎኑን አልጣለችም። «ወንበሩ የኔ አይደለም እንዴ?» አለች። «ትዳሬ ጆንያ ላይ ከቆመማ ይፍረስ!» ብላ፣ ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ቅጠል በራሷ እጅ ነቀለችው።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተረባረቡ። «ቆይ!» ብዬ ጮህኩ። «አንድ ጊዜ አይደለም! ከላይኛው ረድፍ ጀምሩ፣ እኔ እስክላችሁ ታችኛውን አትንኩ!» በአማርኛ ያልገባቸው ሽማግሌዎች ስለነበሩ በካፊኖኖ ደገምኩት። ከዚያ ወደ ሙሉጌታ ዞርኩ። «የሚሮጥ ሰው ይዘህ ወደ ታች ውረድ። ወንዙ ዳር ሰው እንዳይቆም፣ የሚሻገርም እንዳይኖር።»

«እሺ አለቃ» አለ። ቀልድ አልነበረም። ከሙሽራው ሚዜዎች ጋር ነጭ ሱፋቸውን እንደለበሱ ቁልቁል ሮጡ።

ላይኛው ረድፍ ሲነሣ ውሃው ድንጋዩን እየላሰ መውረድ ጀመረ። እኔ በመንገዱ በኩል፣ ጉድጓዱ ከሚታይበት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ውሃው ዳር ላይ አንድ የቡና እንጨት ተክዬ መቀነሱን አያለሁ። ጋሽ ወልዴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሙሉጌታ ከታች በፉጨት ወንዙ ነጻ መሆኑን ሲያሳውቀኝ፣ «ሁለተኛው ረድፍ!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ ነው የሆነው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ከባድ ሰው አልጋ ላይ ሲወድቅ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነው። የግድቡ አናት መሐሉ ላይ ተቀደደና መንገዱ ገደል ሆነ። ከሥሩ ቡናማ ውሃ ጎርፎ ወጣ። አይሱዙው ሙሉ በሙሉ ይገባበት ነበር። ከበሮ ይዛ ስትዘፍንብኝ የነበረች ሴት መሬት ላይ ቁጭ ብላ አማተበች።

«ሦስተኛው!» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ግን ደረሰ።

ጆንያ በጆንያ፣ ረድፍ በረድፍ። እንጨቴ ሥር ያለው ውሃ ወደ ኋላ ሸሸ። ከተቀደደው የሚወጣው ውሃ ክንድ ሆነ፣ ከዚያ ጣት። ቀለሙም ከቡና ወደ ሻይ፣ ከሻይ ወደ ጥርት ያለ ውሃ ተለወጠ። ፀሐይ ወደ ጫካው ስታዘቀዝቅ ጠብ፣ ጠብ ብሎ ቆመ። ውሃው ከጉድጓዱ በታች ወርዷል። ግድቡ ቆስሏል እንጂ አልሞተም።

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ለካ ብርድ ይዞኝ ኖሯል።

ቀጥሎ የሆነውን ስነግራችሁ አሁንም ያስቀኛል። ሙሽራው እንዴት ይሻገር? በግድቡ አይቻልም። አስራት ጀልባውን እየቀዘፈ ብቅ አለ። ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው በእሱ ጀልባ አይደል? ሰርገኛውን በቡድን በቡድን፣ ከግድቡ አርቆ ማሻገር ጀመረ። ውሃው ስለቀነሰ ግን ጀልባው ዳር አልደርስ አለ፤ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ታደለ ጫማውን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በአስራት ጀርባ ታዝሎ ወደ ሙሽሪት ሄደ። እስከ ጉልበቱ በጭቃ የተለወሰው ሙሉጌታ ለመጨረሻው ጉዞ ጀልባው ላይ ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ ዞረ።

«ሚዜዋ፣ አሁንስ ታስገቢናለሽ?»

«አሁን ግቡ» አልኩት።

ማዶ ስንደርስ የብርቱካን ወገን ደረቅ መሬት ላይ ተሰልፎ በር ዘግቶ ጠበቀን፤ በወጉ፣ በዘፈን። እኔ የቆምኩት በየትኛው ወገን እንደሆነ እስካሁን ይከራከሩበታል። ብርቱካን በተራ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ ተዳረች። ትዳሯም አልፈረሰም።

በማግስቱ ቢሮ ስብሰባ ተጠራ። አለቃዬ፣ «ግድቡ እስኪጠገን መኪና ይለፍ ወይስ ይከልከል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ይከልከል። ማስተንፈሻውም ላይ ምንም ነገር አይቀመጥበት።»

መነጽሩን አወለቀ። «ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም። ነው።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ስም የጠራኝ የለም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ዓይን አፋርነት አልለቀቀኝም። ዛሬም ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ልቤ ይመታል፤ ያልተጣራ ነገር ሲሆንም «ይመስለኛል» እላለሁ፣ ደግሞም ልክ ነው። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ድሮ መጀመሪያ ፍርሃቴ ይለቀኛል፣ ከዚያ እናገራለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር። ያን ቀን ፍርሃቴ አጠገቤ ቆሞ ነው የጮህኩት። ደግሞም ዝምተኛ ሰው ሲናገር ይሰማል ብዬ ልሸነግላችሁ አልፈልግም፤ እኔ መጀመሪያ ስናገር የተረፈኝ ሽቶ ነው። የተሰማሁት የምታውቀኝ ሰው ማዶ ስለነበረች ነው። ስለዚህ በቤታችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ዝምተኛ ሰው ካለ ዕወቁት። የጮኸ ቀን ምስክሩ ሁኑለት።

ግድቡ ተጠግኗል። ማኅበሩ ውሃውን ከፍ ከማድረግ ይልቅ የጀልባውን መሳፈሪያ የእንጨት ረብራብ አስረዘመ፤ አስራት ማስተንፈሻው ላይ አንድ ቅጠል ወድቆ ቢያይ እንኳን ያነሣል። የሰርጉም ወግ ተጨምሮበታል። ዛሬ ሙሽራ ይዞ ወደዚያ ሰፈር የሚሄድ ሰው ግድቡ ጫፍ ላይ መኪናውን ያቆማል። እኔ ኖርኩም አልኖርኩም፣ «ትርሲት፣ እንለፍ ወይ?» ብሎ ይጮሃል። ከማዶ አንዱ ይመልስለታል፣ ይሳሳቃሉ፣ ያልፋሉ።

ባለፈው እሑድ ግን እዚያው ነበርኩ። እርግዝናዋ የገፋባትን ብርቱካንን ልጠይቅ ሄጄ፣ እንደ ልማዴ ከግድቡ ጀርባ ወርጄ ሣሩን እያየሁ ሳለ ከላይ ጥሩንባ ተነፋ። «ትርሲት፣ እንለፍ ወይ?» አለ የማላውቀው ሰው፣ ለወጉ ያህል። መልስ ከማዶ ነበር የጠበቀው።

ሣሩን አየሁ። ደረቅ ነው። የግድቡን እግር አየሁ። ከሥሩ የሚወጣው ቀጭን ውሃ ጥርት ብሏል። ወደ መንገዱ ወጣሁና ሰርገኛው ሁሉ ዞር ብሎ እያየኝ፣ በሙሉ ድምፄ፣

«እለፉ!» አልኩ።

ማዶ ዳሱ ሥር የተቀመጠችው ብርቱካን እጇን ስታነሣ አየሁ። ሰምታኛለች።